ሐምዲያ ያወጣችው ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ለሌላው ሰው እንደዚያ ይሆን ይሆናል፤ አላውቅም። የሉጥፊያን ሁለተኛ ስም ግን ያወጣችው ሐምዲያ ናት። ሐምዲያ ደግሞ ብዙ ነገር ልትባል ትችላለች፣ መልአክ ግን አትባልም።

ሉጥፊያ ከወሎ፣ ከሐይቅ በኩል ተነስታ ካርቱም ስትገባ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። አንድ ፌስታል ልብስ ይዛለች፤ በወረቀት የተጻፈ አንድ የሰው ስም ይዛለች። በወረቀቱ ላይ ያለው ስም ሐምዲያ ነው። ሐምዲያ የአገሯ ልጅ፣ በዕድሜ ግን በአሥር ዓመት የምትበልጣት፣ ኦምዱርማን ውስጥ በአንድ የህንድ ነጋዴ ቤት ወጥ እየሠራች አሥር ዓመት የቆየች ሴት ናት። ቤቱን ከመዳሟ፣ ከእመቤቲቱ፣ ይልቅ ታውቀዋለች። ሉጥፊያን ተቀበለቻት፣ አበላቻት፣ የመንገዱን አቧራ ከጠጉሯ በራሷ እጅ አጠበችላት። ይህን ሉጥፊያ እስከ ዛሬ አትክድም። በማግስቱ እጇን ይዛ ወደ መዳሟ አስገባቻት።

በዚያ ቤት ወግ አለ፤ የሚገባ ሠራተኛ ሁሉ የቤት ስም ይወጣለታል። ሐምዲያ ራሷ እዚያ «ሺላ» ነበር የምትባለው። መልካም ጠባይ ማለት ነው እያለች ላገኘችው ሁሉ ታወራ ነበር። ትርጉሙ ልክ ነው፤ ችግሩ ጠባዩን ፈልጎ ማግኘቱ ላይ ነው። መዳሟ አዲሷን ልጅ ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና ሐምዲያን በህንድኛ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ሐምዲያ መለሰች። መዳሟ መጀመሪያ ቅንድቧን ከፍ አደረገች፣ ቀጥላ ሳቀች። ሶፋው ላይ የነበሩት ሁለት እንግዶችም ሳቁ።

«ምን አልሻቸው እቴቴ?» አለች ሉጥፊያ፣ ወጥ ቤት ሲደርሱ።

«ምን እላቸዋለሁ፣ ስምሽን ነዋ። ዳሲ ብዬሻለሁ።»

«ሉጥፊያ እኮ አይከብድም። ዐረቡ ሁሉ ይጠራዋል።»

«ለዐረብ አይከብድም፣ ለህንድ ይከብዳል። ዳሲ ማለት የንጋት ጽጌረዳ ነው። የሳቁት ደስ ብሏቸው ነው፤ ዝም ብለሽ ሽንኩርቱን ላጪ።»

ልጅቷ ደስ አላት። ለምን አይላት? በመጀመሪያው ዓርብ ለእናቷ ደወለችና፣ «እማዬ፣ እዚህ ጽጌረዳ ነው የሚሉኝ» አለቻት። እናቷም ስልኩን ሳትዘጋ ለጎረቤት ተጣራች። «የእኔን ልጅ ህንዶቹ ጽጌረዳ አሏት» ስትል በስልኩ ውስጥ ይሰማል። እናቲቱ ከአራት ዓመት በኋላ እንደዚያው እያወራች ሞተች። ሉጥፊያን የሚያንገበግባት ይኼ ነው። በእሷ የሳቀ ይሳቅ፤ እናቷ ለጎረቤት መናገሯን ግን መዋጥ አቃታት።

እንግዲህ ዘጠኝ ዓመት። ዳሲ ነይ፣ ዳሲ ሂጂ፣ ዳሲ ልብሱ ተተኮሰ ወይ። እሷም አቤት። ሐምዲያ በሦስተኛው ዓመት ከቤቱ ወጥታ ሰምሳራ ሆነች፤ ከአገር ቤት የሚመጡትን ልጆች በሰው ቤት የምታስቀጥር ደላላ ማለት ነው። ተሳካላት። አርካዊት በሚባለው ሰፈር ደህና ቤት ተከራየች፣ አንዲት ልጇን ሬሕማን በልጅነቷ ከአገር ቤት አስመጥታ አስተማረች፣ ወርቅ በወርቅ ሆነች። ሉጥፊያ እዚያው ቀረች።

በዚያ ቤት ዳሲ ብሎ የማይጠራት አንድ ሰው ብቻ ነበር። የጌትየው አባት ነው፣ ሁሉም ዳዳ የሚሉት ሽማግሌ። ኦምዱርማን ተወልዶ ኦምዱርማን ያረጀ፣ ዐረብኛው ከሱዳኖቹ የማይለይ ሰው ነው። እሷን «ያ ቢንት» ይላታል፣ አንቺ ልጅ እንደማለት። ሌላ አይጨምርም። እርጅና ነው፣ ስሜ ጠፍቶበት ነው ትላለች በሆዷ።

የዳዳ ሥራ ስም ነበር። ከተማው ውስጥ ያሉት ህንዶች ልጅ ሲወለድላቸው በስድስተኛው ቀን ሕፃኑን በጨርቅ ላይ ያስተኙታል፤ አራት ልጆች አራቱን ጫፍ ይዘው ያወዛውዙታል፤ ያን ጊዜ የአባቱ እህት ስሙን ትናገራለች። እናት አታወጣም፣ አባት አያወጣም፣ የአባት እህት ናት። አክስቲቱ ታዲያ ዝም ብላ ከሜዳ አታመጣውም። ቀደም ብላ ዳዳ ዘንድ ትመጣና፣ ኮከብ ቆጣሪው የሰጠን ፊደል ይኼ ነው፣ ምን የሚባል ስም ይሻላል ትለዋለች። እሱም ስሞቹን ከነትርጉማቸው ይደረድርላታል። ስሞቹ ሳንስክሪት ከሚባል ከጥንት ቋንቋቸው የሚቀዱ ናቸው። ዛሬ በቤቱ የሚያወራው ሰው የለም፤ ለጸሎትና ለስም ነው የቀረው ይላል ዳዳ፣ ልክ እንደ እኛ ግዕዝ።

ሉጥፊያ መድኃኒቱን ስትሰጠው፣ እግሩን ስታሽለት ትሰማለች። አሻ ተስፋ ነው። ዲፓ መብራት። ኪራን የፀሐይ ጨረር። ጃያ ድል። ሻንቲ ሰላም። ካሩና ርኅራኄ። አንጃሊ፣ ሁለት እጅን አጣምሮ እንደሚያቀርቡት ስጦታ። ልጅ ሆና ሐይቅ ዳር መድረሳ ቁርአን በቃሏ ስትይዝ ያደገች ናት፤ የሰማችው አይወድቅባትም። ሳታስበው ሁለት መቶ ስም ያህል ያዘች። አንዳንዴ ሽማግሌው ሲረሳ እሷ ከወጥ ቤት ሆና ትነግረዋለች፣ እሱም ይስቃል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱ ሁሉ በሙቀቱ ተኝቶ ሳለ፣ ጠየቀችው።

«የእኔስ ስም ዳዳ? ዳሲ የትኛው ጽጌረዳ ነው? ቀዩ ነው ነጩ?»

ዳዳ መነጽሩን አወለቀ። «ጽጌረዳ ነው ማን አለሽ?»

«ሐምዲያ ናታ። የድሮዋ ሺላችሁ።»

ሽማግሌው መነጽሩን በቀሚሱ ጫፍ ሲጠርግ ቆየ። «ያ ቢንት፣ ዳሲ ስም አይደለም። ገረድ ማለት ነው። ዱሮ ሰው በገንዘብ ሲገዛ፣ የተገዛችውን ሴት እንደዚያ ይሏታል። እኔ አፌ እምቢ ስላለኝ ነው የማልጠራሽ።»

«ስምንት ዓመት ሙሉ እያወቅህ?»

«ስምንት ዓመት ሙሉ» አለ። «ልነግርሽ አፈርኩ።»

ይፈር! ደግ ሽማግሌ ነበር፣ አልነሳውም፤ ግን ደጎቹ እያፈሩ ዝም በማለታቸው የስንቱ ቤት ፈረሰ። ሉጥፊያ እግሩን ማሸቱን አላቆመችም።  ሐምዲያ ለምን እንዳደረገችው ገብቷታል፤ መዳሟ ለአዲሷ ልጅ ፊት እንዳትሰጥ ፈርታ፣ ገና በር ላይ ሳለች መሬት አስነካቻት። መሬት ማስነካቱ ሳያንስ ጽጌረዳ ነሽ ብላ ስድቡን በራሷ በሉጥፊያ አፍ እንደ ምርቃት አስወራቻት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ሉጥፊያ ደግሞ መወጋቷን ሳታውቅ ቆይታ ስምንት ዓመት ዘግይቶ ነው ቁስሉ የተሰማት። አንድ ቀን፣ አለች በሆዷ፣ ይኼን ቃል ያስተማረችኝ ሴት ትርጉሙን በሰው ፊት በገዛ አፏ ትናገረዋለች። ሌላ ካሳ አልፈልግም።

በዓመቱ ዳዳ ሞተ። ቤተሰቡ ንብረቱን ሸጦ ወደ ህንድ ሄደ፤ ሉጥፊያም ከካርቱም በስተደቡብ ካላክላ ወርዳ ከሦስት የአገሯ ሴቶች ጋር አንድ ሖሽ ውስጥ ክፍል ያዘች። ግቢው ሰፊ ነው፣ ኪራዩ ርካሽ ነው፣ ወሬው በነጻ ነው። ቀን ቀን በየሰው ቤት እየዞረች ልብስ ታጥባለች።

ያን ጊዜ ካርቱም ላይ ጥይት ገና አልጮኸም፤ የሰው ጭንቀት በዐረብኛ የተተረጎመው የህንድ ተከታታይ ፊልም ነበር። የእኛ ሴቶች በየአሠሪያቸው ቤት ልብስ እያጠፉ ያዩትና ማታ ለሌላው ይተርኩታል። ሲወልዱ ደግሞ ስሙን ከዚያው ያነሳሉ። አንዷ ነፍሰ ጡር ለልጇ የመረጠችው ስም፣ በፊልሙ ውስጥ አማቷን በወተት መርዝ የምትገድለው ሴትዮ ስም ነበር። ስሙ ደስ ስላላት ብቻ! ሉጥፊያ ሰምታ ሳቀችና፣ «ተይው፣ ዲፓ በያት፣ መብራት ነው» አለቻት። ዲፓ ተባለች። ከዚያ ወዲያ ወሬው ካላክላን ዞረ። ሉጥፊያ ስም ታውቃለች፣ ከነትርጉሙ ታውቃለች። ሆዳቸው የገፋ ሴቶች ሳሙናም ስኳርም እየያዙ ይመጡ ጀመር። ክርስቲያኗም ትመጣለች፣ እስላሟም ትመጣለች። ለጎረቤቷ ለአንዱዓለም ሚስት ኪራንን ሰጠች፣ ለማሩ መንትዮች አሻንና ጃያን።

አንድ ሕግ ነበራት። ትርጉሙን በትክክል የማታውቀውን ስም አትሰጥም። «አላውቀውም» ስትል አታፍርም። የተዋሸ ስም ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ከእሷ ወዲያ ማን ያውቃል።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ሐሙስ ጠዋት የሖሹ በር ላይ ራክሻ ቆመ። ከባለ ሦስት እግሩ ላይ አንዲት ቀይ ወጣት በስንት መከራ ሆዷን ይዛ ወረደች።

«ኻልቲ፣ ስም የምታወጪው አንቺ ነሽ?» አለች። ኻልቲ አክስቴ ማለት ነው፤ ካርቱም ያደጉ ልጆች አማርኛቸው እንዲህ ነው፣ ግማሹ ከዚህ ግማሹ ከዚያ። «ቢንት ናት አሉኝ፣ ኢንሻላህ። የህንድ ስም እፈልጋለሁ። ግን ትርጉሙ ሐለዋ የሆነ፣ ጣፋጭ።»

«ቁጭ በይ ልጄ። የማን ልጅ ነሽ?»

«ሬሕማ እባላለሁ። የተውፊቅ ሚስት ነኝ። ቤታችን አርካዊት፣ ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ ሐምዲያ ትባላለች፣ ሁሉም ያውቃታል።»

ሉጥፊያ ውኃ ልታመጣ ተነሳች። ማድጋው ጋ ቆማ ብዙ ጊዜ ወሰደች። ስትመለስ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም።

«እናትሽ የህንድ ቤት አልሠራችም እንዴ? ለምን እሷን አልጠየቅሻትም?»

«ጠየቅኋት። ረስቼዋለሁ አለችኝ። ወደ አንቺ እንዳልመጣም ተቆጣችኝ። ሰው ግን ሁሉ አንቺን ይላል።»

«በሆድ ላለ ልጅ ስም አይወጣም» አለች ሉጥፊያ፣ ለሌሎቹ ብላው የማታውቀውን። «በሰላም ውለጂ። የሲማያው ቀን ራሴ መጥቼ በሰው ፊት እሰጥሻለሁ።» ሲማያ ማለት የስም ማውጣቱ ድግስ ነው፣ በሰባተኛው ቀን። ልጅቷ አቅፋ ሳመቻት። ሉጥፊያም ሳመቻት፤ ከንፈሯ እንደ ድንጋይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት በእጇ የሰው ልብስ ታጥባለች፣ በልቧ ያንን ቀን ታጥባለች። ነገሩ ቀላል ነው። ዳሲ እላለሁ። ሐምዲያ ትርጉሙን ታውቃለች። ወይ ለሰው ሁሉ ትነግራለች፣ ያን ጊዜ ማን እንደሰጠኝ አብሮ ይወጣል፤ ወይ ዝም ትላለች፣ ያን ጊዜ የልጅ ልጇ ገረድ ተብላ ትኖራለች። በየትም ዞራ አታመልጠኝም። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይባላል፤ ሉጥፊያ ግን በእነዚያ ሦስት ሳምንታት አንድም ሶላት አላለፋትም። አብረዋት የሚኖሩት ሴቶች ምን አግኝተሽ ነው ፊትሽ የበራው አሏት። «ልጅ ልሰይም ነው» አለች።

ቀኑ ደረሰ። ከካላክላ በሐፍላ፣ በከተማው አውቶቡስ፣ ተጨናንቃ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ወረደች፣ ከዚያ ሌላ ሐፍላ ይዛ አርካዊት። ለቀኑ ብላ ያቆየችውን አረንጓዴ ቶብ፣ የሱዳን ሴቶችን ረጅም መጎናጸፊያ፣ ለብሳለች። የሐምዲያ ግቢ በሰው ተሞልቷል፤ በግ ታርዷል፣ ዳስ ተጥሏል፣ ሴቶቹ ከውስጥ ወንዶቹ ከውጭ። ሐምዲያ ወፍራለች፣ ክንዷ በወርቅ ተሸፍኗል። ሉጥፊያን በሩ ላይ ስታያት ፈገግታዋ ለአፍታ ተሰነጠቀ፣ ወዲያው ግን ተጠገነ።

«ዳሲዬ! አህላን፣ ስንት ዘመንሽ!» አለች በሰው ሁሉ ፊት።

አያችሁ። ዛሬም። ሉጥፊያ ትንሽ የምታዝንላት ቦታ በልቧ ቀርቶ እንደሆነ በዚያች ቃል ተዘጋ። ሐምዲያ የምታስበው ሉጥፊያ ትርጉሙን እንዳላወቀች ነው፤ እስከ መቃብሯም እንደማታውቅ።

«አቤት እቴቴ» አለች ሉጥፊያ። «እንኳን ማርያ—» ብላ የክርስቲያን ጎረቤቶቿ ምርቃት አፏ ላይ መጥቶ ሴቶቹ ሳቁ፤ እሷም አብራ ሳቀች። «እንኳን አላህ አወጣልሽ፣ ለልጅ ልጅ አደረሰሽ።»

ሼኽ አብዱልሰላም ገብተው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ወጉ የታወቀ ነው። ሼኹ በሕፃኗ ጆሮ አዛን ይላሉ፣ ስሟን ይነግሯታል። ከዚያ በእነሱ አገር ደንብ የእናት እናት ሕፃኗን ተቀብላ ስሙን ጮክ አድርጋ ሦስት ጊዜ ትጠራታለች፣ እናቲቱ ደግሞ ስለ ልጇ አቤት ትላለች። ያኔ ስሙ ጸና ይባላል።

ሬሕማ ሕፃኗን አቅፋ መሐል ላይ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ ያለችው የባሏ እናት ሥነ ሥርዓቱን እንድትሰማ ስልኩን ከፍታ ትራሱ ላይ አስቀምጣዋለች።

«ያላ ኻልቲ፣ ስሙን ንገሪን» አለች።

ሉጥፊያ ተነሳች። «ብዙ ስም አውቃለሁ። ለዚች ልጅ ግን ከሌላ አልቆርጥም፤ የራሴን ስም እሰጣታለሁ። ዳሲ ትባል። ያወጣችልኝ እናትሽ ናት። የንጋት ጽጌረዳ ማለት ነው ብላኛለች።»

ሴቶቹ እልል አሉ። የራሷን ስም፣ ማሻአላህ፣ ምን ዓይነት ደግነት ነው ተባባሉ። ሉጥፊያ ዓይኗን ከሐምዲያ ላይ አላነሳችም። ልብ በሉ፣ አልዋሸችም፤ «ብላኛለች» ነው ያለችው።

ሐምዲያ ፊቷ ዐመድ ሆነ። «ኧረ... የሰው ስም መቀማት ጥሩ አይደለም» አለች። «ሌላ አታጪም። ሻንቲም አለ፣ ምንም አለ።»

«መቀማት ምን አመጣው እቴቴ? ወድጄ ሰጠሁ እንጂ። ወይስ ትርጉሙ እኔ ከማውቀው ሌላ ነው?»

ሼኽ አብዱልሰላም ጢማቸውን ዳሰስ አደረጉ። «የባዕድ ስም ነው። ትርጉሙ መልካም ከሆነ ግዴለም፤ ክፉ ትርጉም ያለውን ግን በልጅ ጆሮ አልናገርም። ሐምዲያ፣ አንቺም የህንዶቹ ቤት ኖረሻል። እንደምትለው ነው?»

 ሉጥፊያ ወደ ሐምዲያ አንድ እርምጃ ቀረበች። ለዚህች ደቂቃ ነበር የኖረችው። በይ እንጂ፣ አለች በሆዷ፣ ተናገሪው። ገረድ በይ። አንድ ጊዜ ብቻ በይው።

ሐምዲያ እንግዶቹን አየች። ሠራተኛ የምትልክላቸው እመቤቶች በቀኝ ተደርድረዋል፣ ያስቀጠረቻቸው ልጆች በግራ። ልጇን አየች። ከዚያ አፏን ከፈተች።

«አዎ ሼኻችን» አለች። «ጽጌረዳ ነው።»

ሉጥፊያ ይኼን አልጠበቀችም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ዝም ትላለች ብላ አስባለች፤ ትመሰክራለች ብላ ግን አላሰበችም። የገዛ ልጇን ልጅ! ለፊቷ ብላ!  ይሁን፣ አለች በሆዷ፤ ትባል። ሃያ ዓመት ሲሞላት እኔው ራሴ እነግራታለሁ፣ አያትሽ ነች የሸጠችሽ እላታለሁ። ሼኹ ሕፃኗን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ።

ሬሕማ ግን ልጇን ከመስጠቷ በፊት ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። «እማማ፣ ሰማሽ? ጽጌረዳ ማለት ነው።»

ከስልኩ ውስጥ የአሮጊት ድምፅ መጣ፣ ከሩቅ፣ እየተቆራረጠ። «ሰማሁ ልጄ! ጽጌረዳ! ቆይ፣ ቆይ ስልኩን እንዳትዘጊው፣ ለጎረቤት ልንገር።»

ሉጥፊያ ወደ ስልኩ ዞረች። ያ ድምፅ የእናቷ ድምፅ ነበር ማለት ይቻላል። አንድ አገር፣ አንድ ጩኸት፣ አንድ ጎረቤት።

«አይነገር» አለች። ማንም አልሰማትም። «አይነገር አልኩ! ሼኻችን፣ እጅዎን ይሰብስቡ። ሬሕማ፣ ሴትዮዋን አስቁሚያት፣ ለጎረቤት እንዳትናገር።»

ሬሕማ ደንግጣ ስልኩን አነሳችው፤ «እማማ፣ ቆዪ፣ እንዳትናገሪ» አለቻት።

«ዳሲ ጽጌረዳ አይደለም» አለች ሉጥፊያ።  «ገረድ ማለት ነው። በገንዘብ የተገዛች ገረድ። ካርቱም በገባሁ በማግስቱ እናትሽ ናት ለህንዶቹ ዳሲ በሏት ያለቻቸው፤ ለእኔ ጽጌረዳ ነው አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት አቤት አልኩበት። እናቴ ለጎረቤት እያወራችው ሞተች። ዛሬ የመጣሁት እናትሽ እውነቱን በአፏ እንድትናገር ነበር። ሰማችሁ ምን እንዳለች። ከምታፍር የልጅ ልጇ ገረድ ብትባል መረጠች።»

 ሬሕማ ቀስ ብላ ወደ እናቷ ዞረች።

«እማ፣ ታውቂ ነበር?»

«ልጄ፣ የድሮ ቀልድ ነው። ልጅነት ነው...»

«የድሮውን አይደለም የምጠይቅሽ። አሁን፣ ሼኹ ሲጠይቁሽ፣ ታውቂ ነበር?»

 ሐምዲያ ወርቋን አስተካከለች፣ መልሳ አስተካከለች። ከእመቤቶቹ አንዷ ቀስ ብላ ተነሳችና ወጣች።

ሬሕማ ዕንባዋን በሕፃኗ መጠቅለያ ጠረገችና ወደ ሉጥፊያ ተመለሰች። «ኻልቲ፣ ይቅርታ፤ ስምሽን ጠይቄሽ አላውቅም። እናትሽ ያወጣችልሽ ስም ማን ነው?»

ካርቱም ከገባች ጀምሮ እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። «ሉጥፊያ» አለች።

«ሼኻችን፣ ሉጥፊያ ይበሏት።»

ሼኽ አብዱልሰላም ሕፃኗን ተቀበሉ። በቀኝ ጆሮዋ አዛን አሉ፣ ስሟንም ነገሯት። ከዚያ እንደ ወጉ ለእናት እናት አሳልፈው ሰጡ። ሐምዲያ ተቀበለች፤ አልቀበልም ማለት አይቻል። ሰዉ ሁሉ ያያታል።  

«ሉ... ሉጥፊያ» አለች፣ እንደ ሹክሹክታ።

«አቤት» አለች ሬሕማ ስለ ልጇ።

ሉጥፊያ ቶቧን አስተካክላ፣ ሐምዲያ ፊት ለፊት ምንጣፉ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች። የምትቸኩልበት ነገር አልነበረም። ይህቺ ሴት ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ በሕይወት እስካለች ድረስ ጠዋት ማታ ይህን ስም ትጠራለች። ሉጥፊያ ነይ ብይ ትላለች፣ ሉጥፊያ ተኚ ትላለች።

«ጮክ በይ እንጂ እቴቴ» አለቻት በእርጋታ። «ለማንም አይከብድም። ገና ሁለት ይቀርሻል።»